የዕውቅና ፈቃድ ምንነትና አጣራር፦ ሥራ ላይ ሆነው በማታ፣ በሳምንት መጨረሻና በርቀት ለሚማሩ የወለንጪቲና የአካባቢው ነዋሪዎች

ወለንጪቲ በምሥራቅ ሸዋ ዞን የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የምትገኘውም ከአዳማ ወደ መተሐራና አዋሽ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ የሚኖሩ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የወረዳና የቀበሌ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ሥራቸውን ሳይለቁ የኮሌጅ ትምህርት ለመከታተል የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ የማታ፣ የሳምንት መጨረሻ ወይም የርቀት መርሐ ግብርን ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ዜጎች ከመመዝገባቸው በፊት ስለ ዕውቅና ፈቃድ ሊያውቁት የሚገባውን መሠረታዊ መረጃ ይዟል።

በአገራችን «የጎልማሶች ትምህርት» የሚለው ስያሜ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለመሠረተ ትምህርትና ለተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ነው። እዚህ የሚብራራው ግን ዕድሜያቸው ከመደበኛ ተማሪዎች የላቀና በሥራ ላይ የሚገኙ ዜጎች የሚከታተሉት የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው።

የጽሑፉ ዋና መልእክት አንድ ነው። በኢትዮጵያ የዕውቅና ፈቃድ ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ የትምህርት ፕሮግራም፣ በተወሰነ ደረጃ፣ በተወሰነ የአሰጣጥ ስልትና በተወሰነ ካምፓስ ነው። ስለዚህ «ተቋሙ ዕውቅና አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ «እኔ የምመዘገብበት ፕሮግራም፣ በምመዘገብበት ቦታና ስልት ዕውቅና አለው ወይ?» የሚለው ነው።

የዕውቅና ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

የዕውቅና ፈቃድ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ለሚያስተምረው ፕሮግራም የሚያስፈልጉትን መምህራን፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራና ሕንፃ በሚፈለገው ደረጃ ማሟላቱ በመንግሥት ከተረጋገጠ በኋላ የሚሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ለተወሰነ ጊዜ የሚጸና ሲሆን፣ ጊዜው ሲያበቃ መታደስ አለበት። ከንግድ ሚኒስቴርም ሆነ ከከተማ አስተዳደር የተገኘ የንግድ ፈቃድ የዕውቅና ፈቃድን አይተካም። በተቋሙ ደጃፍ ላይ የተሰቀለ የንግድ ፈቃድ ተቋሙ ዲግሪ ለመስጠት እንደተፈቀደለት የሚያሳይ ማስረጃ አይደለም።

ይህን ሥራ የሚያከናውነው አካል በሕግ የተቋቋመው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲሆን፣ ስያሜውም የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ነበር። አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 650/2001፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተክቷል። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ማሻሻያ ኤጀንሲው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚለውን ስያሜ ይዟል። በቀድሞው ስያሜ የተሰጠ ደብዳቤ በእጁ የሚገኝ ተማሪ ስያሜው በመለወጡ ብቻ ደብዳቤው ዋጋ አጥቷል ብሎ ሊሰጋ አይገባም። ሊመለከት የሚገባው በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ፈቃድ የሚጸናበት ጊዜ እርሱ የተማረበትን ዘመን የሚሸፍን መሆን አለመሆኑን ነው።

ፈቃዱ የሚገድባቸው አራት ጉዳዮች

አንደኛው የትምህርት መስኩ ነው። በአካውንቲንግ ፈቃድ ያለው ተቋም በዚያ ፈቃድ የማኔጅመንት ተማሪ ሊመዘግብ አይችልም።

ሁለተኛው ደረጃው ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የተሰጠ ፈቃድ ሁለተኛ ዲግሪን አይጨምርም።

ሦስተኛው የአሰጣጥ ስልቱ ነው። ለመደበኛ ትምህርት የተሰጠ ፈቃድ ለርቀት ትምህርት አያገለግልም። የርቀት ትምህርት የራሱ ሞጁል፣ የቲዩቶሪያል ፕሮግራምና የፈተና አሰጣጥ ስላለው ተለይቶ ይመረመራል።

አራተኛው ቦታው ነው። በአዳማ ካምፓስ በመደበኛ ወይም በማታ ለማስተማር ፈቃድ ያገኘ ተቋም ወለንጪቲ ላይ ክፍሎች ተከራይቶ ያንኑ ፕሮግራም ቢያስተምር፣ የአዳማው ፈቃድ የወለንጪቲውን ተማሪ አይሸፍንም። ትምህርቱ በርቀት የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ በእርግጥ ለርቀት የተሰጠ መሆኑንና በከተማው የሚገኘው የማስተባበሪያ ማዕከል በባለሥልጣኑ የታወቀ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ፣ በወለንጪቲ የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አዳማ በሚገኝ ታዋቂ ኮሌጅ ስም በከተማዋ በተከፈተ ማዕከል በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ አካውንቲንግ ተማረች እንበል። ኮሌጁ አዳማ ላይ በመደበኛ መርሐ ግብር ሙሉ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። የወለንጪቲው ማዕከል ግን ካልተፈቀደለት ሠራተኛዋ ክፍያዋን ፈጽማ፣ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ማስረጃዋን ለደረጃ ዕድገት ባቀረበች ጊዜ ተቀባይነት ልታጣ ትችላለች። እዚህ ላይ ኮሌጁ በስም ሐሰተኛ አይደለም። ችግሩ ፈቃዱ ተማሪዋ የተማረችበትን ቦታና ስልት አለማካተቱ ነው። ጉዳዩ በማስታወቂያ ላይ በቀላሉ የማይታይ በመሆኑ አስቀድሞ ማጣራትን ይጠይቃል።

የርቀትና የማታ ትምህርት አመጣጥ

ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የኮሌጅ ትምህርት መስጠት በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲነቱ ዘመን የማታ ትምህርት በኤክስቴንሽን ይሰጥ ነበር። «ኤክስቴንሽን» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ የማታ ትምህርት መጠሪያ ሆኖ የቀረውም ከዚያ ወዲህ ነው። የግል ኮሌጆች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሲበራከቱ የርቀት ትምህርትም አብሮ ተስፋፋ።

መስፋፋቱ የጥራት ጥያቄ በማስከተሉ፣ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት የርቀት ትምህርትን አግዶ ነበር። በዚሁ ወቅት የሕግና የመምህርነት ትምህርት በመንግሥት ተቋማት ብቻ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። የርቀት ትምህርት በኋላ በተሻሻለ የቁጥጥር ሥርዓት እንዲቀጥል ተደርጓል። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት የፈቃድ ሁኔታ ሊለወጥ እንደሚችል ነው። የሥራ ባልደረባ ወይም ታላቅ ወንድም ከዓመታት በፊት በተማረበት ፕሮግራም ዛሬ ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው የቀድሞውን መረጃ ይዞ መሄድ የለበትም። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ዳግም ምዝገባ ያካሄደ በመሆኑ፣ የማንኛውም ተቋም ሁኔታ በምዝገባው ወቅት እንደገና መጣራት ይኖርበታል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ትምህርት

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚቋቋሙት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በመሆኑ ሕጋዊ ህልውናቸው የሚመነጨው ከዚያው ነው። ይሁንና አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በርቀት ወይም በሳምንት መጨረሻ ትምህርት የሚሰጥባቸውን ማዕከላት የሚያውቀው የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ነው። በዩኒቨርሲቲ ስም ማስታወቂያ ለጥፎ ክፍያ የሚቀበል ወኪል ወይም ማዕከል ሲያጋጥም፣ ማዕከሉ የዩኒቨርሲቲው ስለመሆኑ ከዋናው ግቢ ሬጅስትራር በጽሑፍ ወይም በአካል ማረጋገጥ ይገባል። ክፍያም በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ሳይሆን በተቋሙ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ መፈጸም አለበት።

የመግቢያ መስፈርት

ፕሮግራሙ ፈቃድ ያለው ቢሆንም ተማሪው የመግቢያ መስፈርቱን ሳያሟላ ከተመዘገበ ማስረጃው ተቀባይነት አይኖረውም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጀምሮ ወደ መጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ይህን ውጤት ያመጡት ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለነበሩ የአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ፕሮግራም ተጀምሯል።

በሥራ ላይ የሚገኙ አመልካቾች ግን አብዛኞቹ ፈተናውን የወሰዱት ከዚያ በፊት ነው። ለእነርሱ የሚያገለግለው በተፈተኑበት ዓመት የተወሰነው የመቁረጫ ነጥብ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ደረጃ ተነሥተው ወደ ዲግሪ ለመሸጋገር የሚፈልጉም የራሳቸው መስፈርት አላቸው። ስለዚህ ማንኛውም አመልካች የፈተናውን ዓመትና ውጤት ይዞ በመቅረብ መስፈርቱን የሚያሟላ መሆኑን ከምዝገባ በፊት መጠየቅ አለበት። «ግባና በኋላ ይስተካከላል» የሚል የቃል ተስፋ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ወደ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ ዜጎች ደግሞ የአገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን ማለፍ ይጠበቅባቸዋል።

የመውጫ ፈተና

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለባቸው። የማለፊያው ውጤት 50 በመቶ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመጀመሪያ ዙር ከግል ተቋማት ተፈታኞች መካከል ያለፉት ከአምስት አንድ የማይሞሉ ነበሩ። ያላለፉ ተማሪዎች በሌላ ዙር እንደገና የመፈተን ዕድል ተሰጥቷቸዋል።

ይህ ለጎልማሳ ተማሪ ሁለት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው፣ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም መምረጥ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን ለዲግሪ አያበቃም። በመሆኑም ተቋሙን ሲመርጡ ባለፉት ዙሮች ተማሪዎቹ በዚያው መስክ ያስመዘገቡትን ውጤት መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛው፣ በርቀት የሚማር ሰው ሞጁሉን ለፈተና ሰሞን ብቻ የሚያነብ ከሆነ በመጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል። የቲዩቶሪያል ትምህርት በወቅቱ የማይሰጥ፣ ፈተና በቸልታ የሚፈትን ተቋም ለጊዜው የቀለለ ቢመስልም ተማሪውን የሚጎዳው በዚህ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው።

በሥራ የተገኘ ሙያ እንዴት ይታወቃል?

ኮሌጅ ሳይገቡ በሥራ ላይ ሙያ የቀሰሙ ዜጎች በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ ሌላ መንገድ አላቸው። በመኪና ጥገና፣ በኤሌክትሪክ ሥራ፣ በግንበኝነት፣ በብየዳ፣ በምግብ ዝግጅትና በመሳሰሉት ሙያዎች የሙያ ብቃት ምዘና (ሲ.ኦ.ሲ.) የሚለካው ሰውየው ሥራውን መሥራት መቻሉን ነው። ሙያውን ያገኘው በኮሌጅ ይሁን በጋራዥ ለምዘናው መሠረት አይሆንም። ስለዚህ በወለንጪቲ ጋራዥ ለብዙ ዓመታት የሠራ መካኒክ ለሚመጥነው ደረጃ ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል።

በተቃራኒው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥኖ የኮሌጁን ማስረጃ ብቻ የያዘ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ካልጨመረበት ለቅጥርም ሆነ ለቀጣይ ደረጃ ይቸገራል። የምዘናውን ቦታና ጊዜ በተመለከተ በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ በሚገኝ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መረጃ ማግኘት ይቻላል።

በኢንተርኔት የሚሰጡ የአሜሪካ ኮሌጆች ትምህርት

በቅርብ ጊዜ በኢንተርኔት አማካይነት በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ ኮሌጆች የሚመዘገቡ ዜጎች አሉ። የአሜሪካው የዕውቅና አሠራር ከእኛ የተለየ ስለሆነ መረዳቱ ከአላስፈላጊ ወጪ ያድናል።

በአሜሪካ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ራሱ ለኮሌጆች ዕውቅና አይሰጥም። ዕውቅና የሚሰጡት ከመንግሥት ውጭ የሆኑ መዛኝ ማኅበራት ናቸው። መንግሥት የሚያደርገው መዛኞቹን መርምሮ ተቀባይነት ያላቸውን ለይቶ ማሳወቅ ነው። ይህ አሠራር ሥር የሰደደው ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ በሚሸፈንበት ጊዜ ነው። ገንዘቡ ትምህርት በማይሰጡ ኮሌጆች እንዳይባክን እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ሕግ ተቀባይነት ያላቸው መዛኞች ዝርዝር እንዲታተም አዘዘ። ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት ዕውቅና ምክር ቤትም መዛኞችን ይመረምራል። የርቀት ትምህርትን ብቻ የሚመለከተው መዛኝ ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተ ነው። ስለዚህ በርቀት መማር በራሱ የማስረጃ ጉድለት አይደለም።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሐሰተኛ ኮሌጅ የራሱን ሐሰተኛ መዛኝ ፈጥሮ «ሙሉ ዕውቅና አለኝ» ሊል ይችላል። በመሆኑም ዜጋው ሁለት ጥያቄ ማንሣት አለበት፦ ኮሌጁን የመዘነው ማን ነው? መዛኙንስ ማን ተቀብሎታል? ያለ ትምህርትና ያለ ፈተና «የሕይወት ልምድዎን ወደ ዲግሪ እንለውጣለን» የሚል ማስታወቂያም የሐሰት ምልክት ነው። እውነተኞቹ ኮሌጆች ቀደም ሲል በሥራ የተገኘን ዕውቀት በፈተና ወይም በማስረጃ መዝነው ለተወሰኑ ኮርሶች ብቻ ይይዙለታል እንጂ ሙሉ ዲግሪ በልምድ ብቻ አይሰጡም።

ከዚህም በኋላ ማንኛውም ከውጭ አገር ተቋም የተገኘ ማስረጃ በኢትዮጵያ ለቅጥርና ለደረጃ ዕድገት እንዲያገለግል ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ቀርቦ የአቻ ግምት ሊሰጠው ይገባል። አመልካቹ ከመመዝገቡ በፊት የኮሌጁን ስም፣ የመዛኙን ስምና የትምህርቱን ስልት ለባለሥልጣኑ በማቅረብ ቢጠይቅ፣ ተመርቆ ከሚደርስበት ቅሬታ ይድናል።

ከምዝገባ በፊት የሚደረግ ማጣራት በቅደም ተከተል

1. የሚፈለገውን የትምህርት መስክ፣ ደረጃ፣ የአሰጣጥ ስልትና የሚማሩበትን ቦታ በወረቀት ላይ ለይቶ መጻፍ።

2. ተቋሙ የዕውቅና ፈቃድ ደብዳቤውን እንዲያሳይ መጠየቅ። ደብዳቤውን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ተቋም ዘንድ አለመመዝገብ።

3. በደብዳቤው ላይ መስኩ፣ ደረጃው፣ ስልቱ፣ ካምፓሱና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ከተጻፈው ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር።

4. ያንኑ መረጃ ባለሥልጣኑ ለሕዝብ ይፋ ከሚያደርገው ዝርዝር ጋር ማነጻጸር። ዝርዝሩን ለማየት የማይችል ሰው በአካል ወይም በደብዳቤ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይችላል።

5. የመግቢያ መስፈርቱን ማሟላትን በጽሑፍ ማረጋገጥ።

6. የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ የሚማሩት መስክ ከሥራ መደቡ ጋር ለደረጃ ዕድገት ተዛማጅ መሆኑን ከመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል መጠየቅ። ፈቃድ ያለው ትምህርት ሁሉ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ ተዛማጅ አይደለም።

7. ክፍያ በተቋሙ የባንክ ሒሳብ መፈጸምና ደረሰኞችን፣ የምዝገባ ወረቀቶችንና የየሴሚስተሩን የውጤት መግለጫ ጠብቆ ማስቀመጥ።

ችግር ካጋጠመ

በመማር ላይ እያለ ተቋሙ ፈቃዱ እንደተሰረዘ ወይም እንዳልታደሰ የሰማ ተማሪ ክፍያውን ከመቀጠሉ በፊት ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ማመልከቻው የተቋሙን ስም፣ የተማሩበትን ካምፓስ ወይም ማዕከል፣ የተመዘገቡበትን ዓመተ ምሕረትና ስልት መያዝ፣ የደረሰኝና የውጤት ቅጂዎችም አብረው መያያዝ ይኖርባቸዋል። ፈቃዱ ጸንቶ በነበረበት ጊዜ የተወሰደ ትምህርትና ከፈቃድ ውጭ የተሰጠ ትምህርት በአንድ ዓይን ስለማይታዩ፣ የተማሪውን ጥቅም የሚያስጠብቁት እነዚህ ቀን ያለባቸው ሰነዶች ናቸው።

ያልተማሩትን ትምህርት እንደተማሩ አድርጎ የተዘጋጀ ማስረጃ መግዛትም ሆነ መጠቀም ወንጀል ነው። በፌዴራልና በክልል መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞችን የትምህርት ማስረጃ የማጣራት ሥራ የተከናወነ በመሆኑ፣ በሐሰተኛ ማስረጃ የተገኘ ደመወዝና ሹመት ከዓመታት በኋላም ተጠያቂነትን ያስከትላል።

ሥራና ትምህርትን አጣምሮ የሚይዝ ዜጋ ከቤተሰቡ ጊዜና ከደመወዙ ቀንሶ የሚማር ነው። የማጣራቱ ሥራ ግን ከጥቂት ቀናት አይበልጥም። ከወለንጪቲ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ደብዳቤ ማመሳከር ለአራትና ለአምስት ዓመት ከሚከፈል ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው። በመሆኑም ማንኛውም አመልካች የመጀመሪያውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከላይ የተዘረዘሩትን ተግባራት እንዲያከናውን ይመከራል።